ሮም ከታዳጊ ልጆች ጋር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለንደን ነው። የ13 እና የ16 ዓመት ልጆቻችንን ይዘን ከሐሙስ እስከ እሑድ ሮም ልንሄድ አስበናል። ልጆቹ ሙዚየም ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። አስቀድመን ምን እንያዝ? ቀኑንስ እንዴት እንከፋፍለው?

መልስ፦ ለአንድ ቀን አንድ የሰዓት ቀጠሮ ብቻ ይያዙ፣ እሱም ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላው ክፍት ይተው። አጭር ጉዞ የሚበላሸው በአብዛኛው ፕሮግራሙ ሲጨናነቅ ነው። ወላጅ ስድስት ቦታ ይደረድራል፣ ሦስተኛው ላይ ልጆቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ይደፍናሉ፣ የቀረው ቀን በጭቅጭቅ ያልፋል።

ሐሙስ ምንም አይያዙ። የብሪታንያ ፓስፖርት ያለው ሰው አሁን በአውሮፓ አዲሱ የመግቢያና መውጫ ምዝገባ ስለሚያልፍ ፎቶ ይነሳል፤ 12 ዓመት የሞላው ሁሉ አሻራም ይሰጣል። ስለዚህ አራታችሁም ትሰለፋላችሁ፣ የሰልፉን ርዝመት ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት የልጆቹን ፓስፖርት ይዩ። ከ16 ዓመት በታች የሚሰጠው የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ሳይታወቅ ያልቃል። ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር ሊቀረው ይገባል።

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሁሉም ሰው ባቡሩን ይመክራል። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው፣ ለአራት 56። ሕጋዊው ነጭ ታክሲ ደግሞ የጥንቱን ከተማ በሚከበው በኦሬሊያኖ ግንብ ውስጥ ላለ አድራሻ ለመኪናው በሙሉ 55 ዩሮ የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ ሻንጣውን ሆቴል በር ላይ ያወርዳል። ከመነሳቱ በፊት ዋጋውን ከሹፌሩ ጋር ያረጋግጡ። ሞንቲ የሚባለው ሰፈር በግንቡ ውስጥ ነው፤ ኮሎሲየም በእግር ቅርብ ነው፣ ማታ ማታም ወጣቶች አደባባዩ ላይ ካለው ፏፏቴ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ለእናንተ እሱን እንመርጣለን። የሆቴሉን ዋጋ ስታሰሉ የከተማውን ግብር አትርሱ። ከልጆች ነጻ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በታች ያሉት ብቻ ናቸው። ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ላይ ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 6 ዩሮ ስለሆነ፣ ለአራት ሰው ለሦስት ሌሊት 72 ዩሮ ሆቴሉ ውስጥ ትከፍላላችሁ።

ዓርብ ጠዋት የቫቲካን ሙዚየሞች ይሁን። ቅዳሜ ይበልጥ ይጨናነቃል፤ እሑድ ደግሞ ዝግ ናቸው። የወሩ የመጨረሻ እሑድ በነጻ ይከፈታሉ፣ ነገር ግን ያን ቀን ከልጅ ጋር አይሞከርም። እዚህ ታዳጊ ልጆች ቅናሽ እንጂ ነጻ አያገኙም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ለወንድ ልጅም ይሠራል፤ ቁምጣ ለባሹ ልጅ ቦርሳው ውስጥ ስስ ሱሪ ይያዝ። በቀጥታ ወደ ሲስቲን ጸሎት ቤት ውሰዷቸው፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ የቫቲካንን ግንብ ዞራችሁ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ትሄዳላችሁ። መግቢያው ነጻ ነው። ጉልላቱ ላይ መውጣት ይከፈልበታል፤ 551 ደረጃ አለው፣ በአሳንሰር ከጀመራችሁ 320 ይቀራል። ለልጆች ከሥዕሉ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ስለሚያዘነብል ጎንበስ ብሎ ነው የሚወጣው።

ቅዳሜ ኮሎሲየም ነው። ሙሉ ቲኬት 18 ዩሮ ነው፤ አጠገቡ ያሉትን የጥንት ፍርስራሾች፣ ፎሮ ሮማኖንና የፓላቲኖን ኮረብታ፣ ይጨምራል። ከ18 ዓመት በታች ያለ የየትም አገር ዜጋ ነጻ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ነጻ ከሆነማ» ብለው የወላጆቹን ብቻ ይቆርጣሉ። ለልጆቹም በዜሮ ዩሮ፣ በዚያው ሰዓት ቲኬት መያዝ አለበት። ሽያጩ የሚከፈተው ከ30 ቀን በፊት ነው። ቲኬቱ በስም ስለሆነ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይጻፉ። የሐበሻ ቤተሰብ እዚህ ይቸገራል፦ አባት በአባቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ የአባት ስም ሊኖር ይችላል። የአንዱን ለሁሉም መገልበጥ በር ላይ ያስቆማል። በዚሁ ምክንያት ልጆቹን ይዛ የምትጓዘው እናት ብቻዋን ከሆነች የልደት ሰርተፊኬትና የአባትየው የፈቃድ ደብዳቤ ትያዝ።

እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ልቀቋቸው፤ እስከ ከቀኑ 8 ሰዓት (በአውሮፓ አቆጣጠር 14፡00) ገደማ ነው። ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ይህ ምክር ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይም ይሠራል። በአውቶቡስና በሜትሮ ካርድ እያስነኩ መክፈል ይቻላል፤ አንድ ካርድ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ልጆቹ ኳስ ካሉ፣ የጨዋታው ቀንና ሰዓት የሚጸናው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ስለሆነ አስቀድማችሁ ቃል አትግቡላቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ዱባይ ነን፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለን። የመኖሪያ ፈቃዳችን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቻላል፤ መጨረሻው 15 ቀን ሲቀር ነው። ቀጠሮ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ያዙ። 12 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ 90 ዩሮ ይከፍላል፣ አሻራም ይሰጣል። ከ30,000 ዩሮ የማያንስ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስና የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ለየልጁ ይያያዛል። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትግዙ።

ጥያቄ፦ ጉዞው ጾም ላይ ዋለ። ሮም ውስጥ ምን እንበላለን?

መልስ፦ ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ አራቢያታ ስታዙ «ያለ ፔኮሪኖ» በሉ፣ አለዚያ አይብ ይነሰነስበታል። ሱፕሊ የሚባለው የተጠበሰ ሩዝ የጾም ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሞዛሬላ አለ፣ ብዙ ጊዜም የሥጋ መረቅ። ፔስቶም አይብ አለበት። ጄላቶ ቤት ከወተት ነጻ የሆነው ሶርቤቶ ነው። እንጀራ ካማራችሁ በተርሚኒ ጣቢያ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነገር እዚያ ማየት ይፈልጋሉ። የአክሱም ሐውልት የቆመበት ቦታ ይታያል?

መልስ፦ ቦታው ይታያል፣ ሐውልቱ ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመልሷል። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ወርዳችሁ የፋኦን (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትን) ዋና መሥሪያ ቤት ፈልጉ፤ ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ነው። ይበልጥ የምንመክረው ተርሚኒ አጠገብ ያለውን ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ትልቁ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ጣሊያኖች ናቸው። ጥቂት እርምጃ አልፎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ባለው መናፈሻ ውስጥ፣ መታሰቢያቸው በግብፅ ሐውልት ሥር ቆሟል። በር የለውም፣ ቲኬትም አይጠየቅም።