ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አለቃዬ ሲጮህብኝ ግፊቴ ይነሳል»

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፤ ገላን አካባቢ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ሰው ፊት ሲጮህብኝ ልቤ ይመታል፣ ራሴ ይግላል። አንድ ቀን እንደወጣሁ ፋርማሲ ስለካ 150/95 አሉኝ። ጎረቤቴ ከራሷ የደም ግፊት ክኒን፣ አምሎዲፒን፣ ሰጥታኝ በተናደድኩ ቀን አንድ እውጣለሁ። እናቴ ያረፈችው በስትሮክ ነው። ልቀጥል?

መልስ፦ የጠየቁት ስለ ክኒኑ ነው፤ የሚያስፈራዎት ግን እንደ እናትዎ መውደቅ ነው። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወጣል፤ ሲረጋጋ ይወርዳል። በንዴት ሰዓት አንዴ የተለካ 150/95 «ደም ግፊት አለብዎት» አያሰኝም። አይደንግጡ።

ክኒኑን ግን ተዉት። አምሎዲፒን የንዴት ማብረጃ አይደለም! ኃይሉ ጫፍ የሚደርሰው ከተዋጠ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በደንብ የሚሠራውም በየቀኑ ሲወሰድ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ። ጠዋት 3 ሰዓት ተሰድበው የዋጡት፣ ማታ ወጥ ሲሠሩ ይደርስልዎታል፤ ንዴቱ ያኔ አልፏል። የሚተርፍዎት ማዞርና የእግር እብጠት ነው። ጎረቤትዎስ? የሰጠችዎት የራሷን የወር መድኃኒት ነው፤ ሲያልቅባት ለስትሮክ የምትጋለጠው እሷ ናት። እውነተኛው ደም ግፊት ደግሞ ንዴት አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ይኖራል። «ሲነሳብኝ አውቀዋለሁ» የሚባለው ስንቱን አዘናግቷል።

ስለዚህ በእረፍት ቀንዎ ጤና ጣቢያ ይለኩ፤ በሌላ ቀንም ይድገሙት። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይለፍ፤ ሽንትዎን ይሽኑ። 5 ደቂቃ ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ይቀመጡ፤ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን። በተለያየ ቀን 140/90 ወይም በላይ ከሆነ ሕክምና ይጀመራል፤ በእናትዎ ምክንያት ይህን ማዘግየት አይገባም። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ልኬት አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል።

ለሱፐርቫይዘሩ የማዝልዎት ክኒን የለኝም። ማሽኑ ላይ እያሉ አይመልሱለት፤ ከሽፍት በኋላ «ስሕተቴን ለብቻዬ ይንገሩኝ» ይበሉት። ካልተወ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ጽፈው ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ለሰው ኃይል ክፍል ይስጡ። ሱፐርቫይዘሩ ሽንት ቤት ስለሚከለክል ውኃ መጠጣት ትተው ከሆነ፣ ራስ ምታት ካለብዎት ከዚያም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ዕረፍት ከጻፈልዎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈልበታል።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ካጡ ወይም መኖር ካስጠላዎት፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ክንድዎን ብቻ ሰጥተው አይመለሱ፤ ይህንንም ይንገሯቸው።