መልስ፦ የውስጥ ምርምር በጀት «ይስተካከል» ተብሎ ሲመለስ

ወንድሜ፣ የሐዋሳ ሐይቅን የውሃ ጥራት ለማጥናት ተቋምህ ራሱ ለሚመድበው የምርምር ገንዘብ ያስገባኸው ፕሮፖዛል በበጀቱ ምክንያት ለምን እንደተመለሰ ጠይቀሃል። የለጠፍከውን ሠንጠረዥ አየሁት፤ ችግሩ «የመስክ ወጪ» ብለህ ሁሉንም በአንድ መስመር መጠቅለልህ ነው። ገምጋሚ የሚፈልገው ስሌቱን ነው። 4 ቦታ (አንዱ ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ይሁን) × 3 ድግግሞሽ (በየቦታው ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ናሙና) × 2 ወቅት = 24 ናሙና። ኬሚካሉም፣ ጠርሙሱም፣ የላብራቶሪ ክፍያውም ከዚህ ቁጥር ይነሳል። ውሎ አበሉን ግን በሰው × ቀን × ተመን አስላው፤ ተመኑን ከፋይናንስ ጠይቅ እንጂ አትገምት።

ከሁሉ በላይ የጊዜ ሰሌዳህ ያሳስበኛል። የበጋውን ናሙና ጥር፣ የክረምቱን ሐምሌ አድርገሃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሁለተኛው ዙር ያለ ገንዘብ ይቀራል። ወይ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ የክረምቱን ነሐሴ ላይ አስቀድመህ የበጋውን ቀጥሎ በሚመጣው ጥር አድርግ፣ ወይ የሁለተኛውን ዙር ወጪ ለቀጣዩ ዓመት ለይተህ አስቀምጥ። የኬሚካል ግዢ ስለሚጓተት ጥያቄውን ከነዝርዝር መግለጫው ገንዘቡ እንደተፈቀደ አስገባ።

የጀልባ ኪራይም አለ። ባለጀልባው ደረሰኝ ከሌለው በምን ሰነድ እንደሚወራረድ ሐይቁ ላይ ከመውጣትህ በፊት ፋይናንስን ጠይቅ፤ ከምርምር በጀቱ የተለቀቀልህ የመጀመሪያው ክፍያ ካልተወራረደ ቀጣዩ አይለቀቅም።