ካኑላቸውን ለሚነቅሉ እናት፦ እጃቸው ከመታሰሩ በፊት

እህቴ፣ የመርሳት ችግር ያለባቸው የ78 ዓመት እናትሽ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው በሁለት ሌሊት ሦስት ጊዜ ካኑላቸውን (መድኃኒት እንዲገባበት ደም ስር ውስጥ የሚሰካውን ትንሽ ፕላስቲክ) እንደነቀሉ፣ ተረኛዋ ነርስም «እጃቸው ይታሰር» እንዳለችሽ ጽፈሽ ልፍቀድ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በውስጥ ደዌ ክፍል 14 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። አትፍቀጂ እላለሁ፤ ተረኛዋንም ግን አትቀየሚያት። ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋ አልጋ ለምትሮጥ ሰው ፋሻ አምጥቶ ማሰር ቀላል ነው። እኔም በጀማሪነቴ አስሬ አውቃለሁ። ያሰርኳቸው አባት ሲታገሉ አድረው አንጓቸው ተልጦ አገኘኋቸው። ካኑላውም አልተረፈም፤ በጥርሳቸው ነቅለውታል።

እናትሽ እልኸኛ ሆነው አይምሰልሽ። ለምን እንደተኙ ይረሱታል፤ ክንዳቸው ላይ የሚቆረቁር ነገር እንዳለ ግን በየደቂቃው ይሰማቸዋል። አንዲት እማማን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሶላቸው በደም ርሶ አገኘኋቸው። ፕላስተሩን ዳር ዳሩን በጥፍራቸው ልጠው፣ ካኑላውን ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጠውታል። «ምነው እማማ?» ብላቸው «እሾህ ወግቶኝ ነበር፤ አወጣሁት» አሉኝ፣ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ረጋ ብለው። ከዚያ ወዲህ «አይንኩ» ማለት ትቻለሁ። እሾህ የወጋውን ሰው አትንካ ቢሉት ይሰማል?

ጠዋት ሐኪሞቹ ለጉብኝት ሲመጡ መጀመሪያ የምትጠይቂው ካኑላው ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ ነው። እናትሽ መዋጥ ከቻሉና ትኩሳቱ ከበረደ ወደሚዋጥ መድኃኒት መቀየር ይቻል ይሆናል። በደም ስር መቀጠል ካለበትም ቀኑን ሙሉ ከቱቦ ጋር መታሰር ግድ አይደለም። ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚሰጠው፤ ሰጥተው ሲጨርሱ ቱቦውን ነቅለው ካኑላውን በጨው ውሃ አጥበው መዝጋት ይችላሉ። የሚንጠለጠል ቱቦ ለተምታታበት ሰው ሳቡኝ ሳቡኝ የሚል ገመድ ነው።

እንደገና የሚሰካ ከሆነ ቦታው ወሳኝ ነው። የእጅ ጀርባና የክርን መታጠፊያ አይሁን፤ አንደኛው ሁልጊዜ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ክንድ በታጠፈ ቁጥር ይቆረቁራል። የማይሠሩበት እጅ፣ ከአንጓ በላይ ያለው የክንድ ክፍል ይሻላል። የትኛው እጃቸው እንደሚሠራ ነርሷ ላታውቅ ትችላለች፤ ንገሪያት። ቱቦ ካለ በክንዱ ላይ ወደ ትከሻ እንዲወጣ ይደረግ፣ ግሉኮሱም ከራስጌያቸው ኋላ ይሰቀል። ከላይ ፋሻ በስሱ ይጠቅለልና ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብ ይልበሱ። ዓይን ያላየውን እጅ ብዙም አይፈልገውም። ፋሻው ግን በየጊዜው ተፈትቶ ቦታው መታየት አለበት፤ ቀልቶ ወይም አብጦ ከሆነ፣ ሲነካም ካመማቸው፣ ሲነቅሉ እውነታቸውን ነበር ማለት ነው። ጣቶቻቸው ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ፋሻው ጠብቋል።

ከካኑላው ሌላ የሚያስጨንቃቸውንም ፈልጊ። ሽንት ይዟቸው፣ ሆድ ድርቀት ይዟቸው፣ አሟቸው ወይም ውሃ ጠምቷቸው መናገር ያቃታቸው ብዙ አይቻለሁ። መነጽራቸው ቤት ቀርቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይምጣ። ከዚህ በፊት ይረሱ ነበር እንጂ እንዲህ አይቃዡም ነበር የምትይ ከሆነ ደግሞ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪ፤ ዴሊሪየም የሚባለው ድንገተኛ መቃዠት ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽኑ ራሱ፣ የኦክስጅን ወይም የስኳር ማነስ ያመጣዋል፤ መታከም ያለበትም መንስኤው ነው። የእንቅልፍ መርፌ ይሰጥልኝ ብለሽ አትለምኚ፤ ዲያዜፓም አረጋውያንን ይብስ ያደናግራል። በየቀኑ አረቄ ይጠጡ የነበሩ ሰው ድንገት ሲያቆሙ የሚመጣው መቃዠት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ዲያዜፓም ራሱ መድኃኒት ነውና የቤት ገመና ብለሽ አትደብቂ።

እጃቸውን ደግሞ ሥራ ስጪው። እሾህ ነቀልኩ ላሉኝ እማማ ከክፍሉ ጥቅል ጥጥ ቆርጬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጥቂት በጣታቸው ሲመዝኑት ቆዩና «ይሄስ ፍሬ የለውም፤ ማን ዳመጠው?» ብለው ይባዝቱት ጀመር። ሲነጋ አልጋው በባዘቶ ተሞልቷል፤ ካኑላው ግን በቦታው ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳምንቱን ሙሉ ኮርፋኛለች። ለእናትሽ መቁጠሪያም የነጠላ ጥለትም ሊሆን ይችላል፤ እጃቸው ምን እንደለመደ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አስታማሚ በየቀኑ አዲስ ሰው አታድርጉ። ሁለት ሦስት የሚያውቋቸው ሰዎች ተቀያየሩ፤ ሌሊት ላይ የሚቀመጠው በካኑላው በኩል ይሁን፣ ደብዘዝ ያለ መብራትም ይብራ።

ዛሬ ሌሊት ቢነቅሉት አትጩሂባቸው። ንጹሕ ጎዝ አድርገሽ አምስት ደቂቃ ያህል ሳታነሺ ተጫኚውና ነርሷን አስጠሪ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከዚያም በላይ ቆዪ። የወጣውን ካኑላ አትጣይው፤ የፕላስቲኩ ጫፍ ተቆርጦ አለመቅረቱን ነርሷ ትየው።