ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ስኳር ያለባትን እናቴን የጅቡቲን ባህር ላሳያት ወይስ ይቅርባት?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? እኔ ድሬዳዋ ነኝ፣ እናቴ ሐረር ናት፣ 66 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪልና የሽንት ክኒን ትወስዳለች። ባህር አይታ አታውቅም። ከወንድሜ ጋር በመኪና ጅቡቲ ወስደናት፣ ከዛ ዳር ዳሩን በአርታ አድርገን አሳል ሐይቅን አይተን እስከ ታጁራ ልንሄድ አስበናል። ሰው ግን ከደጋ ወደ ባህር ስትወርድ ግፊቷ ይነሳል ይላል። እግሯም ይደነዝዛታል፣ አውራ ጣቷ ላይ ትንሽ ቁስል ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ አምፒሲሊን ከፍተን እየነሰነስንበት ነው፣ አያማትም። ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ ትውጣለች። ጎረቤት ደግሞ የባህር ጨውና የጋለ አሸዋ ስኳሩን ከእግሯ ይስበዋል ብሏታል። ለመንገድ ምን መድሃኒት ልያዝላት?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ መድሃኒት ነው፣ የፈራሽው ግን እናቴ ሰው አገር እጄ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ ብለሽ ነው አይደል? እሱን እናስቀድም። ሐረር ከባህር በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ድሬ ወደ 1,200፣ እናትሽ የደንገጎን ቁልቁለት ስንቴ ወርደው አንቺ ጋ መጥተዋል፣ ምን ሆኑ? (ድሬ አንቱታ አይሆንላትም፣ እኔ ግን እናትሽን አንቱ እላለሁ።) መውረድ ግፊት አያስነሳም። ሙቀት እንዲያውም የደም ስር ስለሚያሰፋ ግፊቱን ዝቅ ወደማድረግ ነው የሚያደላው፣ ስለዚህ ከመኪና ሲወርዱ በሩን ከፍተው ትንሽ ቁጭ ብለው ቀስ ብለው ይነሱ፣ ያው ነው። ግፊቱና ስኳሩ ተለክቶ ደህና ከሆነ ባህሩን ያዩታል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግፊታቸው አይደለም፣ «አያማትም» ያልሽው ቃል ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ሦስት ሳምንት የቆየ ቁስል ካላመመው ደህና ሆኖ ሳይሆን ነርቩ ተጎድቶ ነው፣ ነርቩ ካልተናገረ ደግሞ ቁስሉ እስከ አጥንት ቢወርድም ማንም አያውቅም። አምፒሲሊኑን እባክሽ ተዪው! ካፕሱል ተከፍቶ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ስንት ዓመት ነው የምናየው፣ ዱቄቱ ይደርቅና ይጋገራል፣ ከስር የሚሆነውን ይሸፍናል፣ ከዛ ሰው «ደርቆልኛል» እያለ ይቆይና ጣቱ ሲጠቁር ይመጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐኪም አላየውም ማለት ነው? ነገ ሆስፒታል ውሰጃቸው፣ ቁስሉ ይጠረግ፣ የእግሩ ደም ዝውውር ይታይ፣ ካስፈለገ ራጅ ይነሱ። ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ነገም አትበይ፣ ዛሬ ማታውኑ።

ጨውና አሸዋው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ ወሬ አልሞት ብሎናል። ስኳሩ ያለው ደም ውስጥ ነው፣ እግር ውስጥ የተቀመጠ ነገር ስላልሆነ አሸዋም ጨውም ሊስበው አይችልም። ቁርጥማት ያለበት ሰው ኤረር ፍልውሃ ገብቶ ሲወጣ ቀለል ይለዋል፣ ልክ ነው፣ ሙቀት ጡንቻ ያፍታታል፣ ግን ያ ሰው ውሃው ሲያቃጥለው እግሩን ያወጣል። እናትሽ አያወጡም! ፀሐይ የመታው አሸዋ ከአየሩ በጣም ይብሳል፣ ሳይሰማቸው ቆመውበት ባህሩን እያደነቁ መርገጫቸው ይላጣል። አሳል ደግሞ ከባህር ወለል በታች 155 ሜትር የወረደ ምድጃ ነው፣ ዳሩ ላይ ያለው የጨው ቅርፊት ስለታም ስለሆነ እግር ይቆርጣል፣ እዛው አጠገብ ፍልውሃም አለ፣ «ትንሽ እግሬን ልንከር» የሚሉት እዛ ነው። አይነክሩም። ባዶ እግር የለም፣ ነጠላ ጫማም የለም፣ ጣት የሚሸፍን ሰፋ ያለ ጫማ ከነጭ ካልሲ ጋር፣ ነጭ ያልኩት ደም ወይም ፈሳሽ ቢኖር እንዲታይሽ ነው። ጫማው ውስጥ ጠጠር እንዳይኖር ሁሌ እጅሽን ከተሽ ዳስሺው፣ ማታ ማታ መርገጫቸውንና የጣታቸውን መሃል አንቺው እዪ። መኪና ውስጥም ጫማ አያውልቁ፣ የአሮጌ መኪና ወለል በረጅም መንገድ ይግላል፣ በሱ የተቃጠለ አለ። ጎረቤቶቹን ምን እንደምትያቸው አንቺ ታውቂያለሽ።

ዳይክሎፌናኩም ይቁም። ከኢናላፕሪልና ከሽንት ክኒን ጋር ሆኖ፣ በዛ ላይ ሙቀት ውሃቸውን ሲጨርሰው፣ ኩላሊት የሚመታው እንደዚህ ነው። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። እናቶች መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣብኝ ብለው ውሃ ይተዋሉ፣ ክኒኑንም ይደብቃሉ፣ ይሄን አትፍቀጂ፣ በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፣ ይውረዱ፣ ይራመዱ፣ ይጠጡ። ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ከመጣ ግን ክኒኖቹ እንዴት ይወሰዱ የሚለውን ሐኪማቸውን ቀድመሽ ጠይቂ።

ግሊቤንክላማይድ ውጠው ቁርስ ከዘለሉ ስኳራቸው ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተምታታ ንግግር ካየሽ ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከዛ ምግብ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አትጨምሪ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። መድሃኒቱ ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ። ወባ እዛም እዚህም ስላለ አጎበር ያዢ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ የት እንደነበሩ ንገሪ።

ጊዜውን በተመለከተ ክረምቱን ተዪው፣ ጅቡቲ ያኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው፣ አሳልን ጠዋት በጊዜ አይታችሁ ውጡ። ቁስሉ እስከዛ ካልተዘጋ ጉዞው ይገፋል፣ ወንድምሽ ሆቴል ይዣለሁ ቢልም።