ስሜ ያልተጠራበት ስብሰባ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ድርጅት የንብረት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ስሠራ 7 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመታዊ ቆጠራ በመዝገብ የሰፈረው ዕቃ በመጋዘን ከተቆጠረው በልጦ ተገኘ፤ ሁላችንም ተጨነቅን። ሦስት ምሽት እያመሸሁ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስፈትሽ፣ አንድ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ በሁለት የተለያዩ መለያ ቁጥሮች ሁለት ጊዜ መመዝገቡን ደረስኩበት። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት የመጋዘን ሠራተኛም አብረውኝ አምሽተው ካርቶኖቹን አሳይተውኛል። በማግስቱ በአስተዳደር ስብሰባ የክፍል ኃላፊዬ «ስህተቱን አግኝተነዋል» ብለው አስረዱ፤ ሥራ አስኪያጁም እርሳቸውን አመሰገኑ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ስሜ አልተጠራም። ከወር በኋላ ለሁሉም ሠራተኛ «ላሳዩት ትጋት» የሚል የምስክር ወረቀት ሲታደል ለእኔም ደረሰኝና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጉዳዩን የሚያውቅ ባልደረባዬ «አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር!» ሲለኝ ግን «ኧረ እኔ ምንም አልሠራሁም» አልኩት። አሁን ሥራዬን እሠራለሁ፤ ልቤ ግን የለበትም። ምስጋና መፈለጌ ያሳፍረኛል። ኃላፊዬን ላናግር ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ «ያሳፍረኛል» ያልሽውን ላንሳ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሂሳብ ባለሙያዎችን በሥራቸው እጅግ የተደሰቱበትን ጊዜ እንዲተርኩላቸው ጠይቀው ነበር። አንድን ሥራ ከዳር ከማድረስ ቀጥሎ በብዛት የተነሳው ዕውቅና ማግኘት ነው። ከተጠየቁት ብዙዎቹ የአንቺው ሙያ ሰዎች ነበሩ።

ስለ ኃላፊሽ ለመናገር ግን መጀመሪያ የራሴን በደል መናገር አለብኝ። ከ20 ዓመት በላይ የሂሳብ ክፍል መርቻለሁ። በአንድ ወቅት አንድ ወጣት ሠራተኛ ተሰብሳቢ ሂሳቦቻችንን፣ ማለትም ገና ያልተከፈለንን ገንዘብ፣ በቆዩበት ጊዜ ልክ የሚለይ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ሁለት ቀን ተቀምጬ አረምኩትና ለቦርዱ አቀረብኩት። «አዘጋጅተናል» አልኩ። ልጁ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ እርሳሱን አስቀመጠ፤ እስከ ስብሰባው መጨረሻም አላነሳውም። ያንን እርሳስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምስጋናውን ልቀማው አስቤ አልነበረም። የእኔ ሁለት ቀን በዓይኔ ላይ ስለነበረ የእርሱ ሦስት ሳምንት ተጋረደብኝ። ሮስና ሲኮሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባልና ሚስትን ለየብቻ «ከቤቱ ሥራ የአንተ ድርሻ ምን ያህል ነው? ያንቺስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሁለቱ መልስ ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከሙሉው በልጦ ተገኝቷል። ሰው የራሱ ድካም ቶሎ ትዝ ይለዋል፤ የሌላውን ግን አብዛኛውን አላየውም። ኃላፊሽም እንዲህ ሆኖባቸው ሊሆን ይችላል። ልማዳቸው ከሆነ ደግሞ ከእኔ ይልቅ የ7 ዓመት ትዝታሽ ይነግርሻል።

እኔ ልጁን ቢሮዬ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። አልበቃም። የተዘለለው በሰው ፊት ነበርና በሚቀጥለው ስብሰባ ሰንጠረዡ የማን እንደሆነ፣ ምን እንዳሰበበት፣ ከዚያ በፊት ያልታየን ምን እንደሆነ በእነዚያው ሰዎች ፊት ተናገርኩ። አንቺም የምትጠይቂው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ አትተዪው፤ አናግሪያቸው። በኮሪደር ላይ ወይም ንዴትሽ ሳይበርድ አይሁን። የአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ያዢና ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ሰነድ ይዘሽ ግቢ። «ድግግሞሹን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ በስብሰባው ላይ ይህ ባለመነገሩ አዝኛለሁ። በቆጠራው ሪፖርት ላይ ማን ምን እንደሠራ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ» በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። «እርስዎ ሁልጊዜ» ብለሽ ከጀመርሽ ግን ውይይቱ ስለ ሥራሽ መሆኑ ይቀርና ስለ እርሳቸው ጠባይ ይሆናል።

በሙያችን አንድ መልካም ነገር አለ። በየሰነዱ ግርጌ «ያዘጋጀው»፣ «ያጣራው»፣ «ያጸደቀው» የሚሉ መስመሮች አሉ። ስህተት ሲገኝ የሁሉም ዓይን «ያዘጋጀው» ላይ ያርፋል፤ መልካም ነገር ሲገኝ ግን ያንን መስመር የሚያነብ የለም። ይህ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ግኝት ሲኖርሽ በቃል ብቻ አታስረክቢ፤ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፊበት፤ ቀንና ፊርማሽን አኑሪበት።

የምስክር ወረቀቱ ለምን እንዳላስደሰተሽ ይገባኛል። «ትጋት» የሚለው ቃል ያንን መረከቢያ ሰነድ አያውቀውም። ለሁሉም በአንድ ቃል የተሰጠ ምስጋና ማንም ምን እንደሠራ አልታየም ማለት ነው። ባልደረባሽ ግን ያየውን ነበር የነገረሽ፤ አንቺም «ምንም አልሠራሁም» ብለሽ መለስሽበት። በስብሰባው ላይ የተዘለለውን ሥራ በዚያች ቅጽበት ራስሽ ሰረዝሽው። ትሕትና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ «አመሰግናለሁ፤ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል» በይው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ የያዘኝ በአንድ መስመር ያለፍሻቸው የመጋዘን ሠራተኛ ናቸው። አብረውሽ አምሽተዋል። ማን አመሰገናቸው? አንቺ በስብሰባው ክፍል ነበርሽ፤ እርሳቸው ወደዚያ የሚጠራቸውም የለ። ጽፈሽ ወይም ተናግረሽ ማመስገን ያሳፍርሽ ይሆናል። ኩመርና ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የምስጋና ደብዳቤ የደረሰው ሰው ጸሐፊዎቹ ይሳቀቃል ብለው ከገመቱት ያነሰ ተሳቅቆ፣ ይደሰታል ብለው ከገመቱትም በላይ ተደስቶ ተገኝቷል።

ኃላፊሽ ዘንድ ከመግባትሽ በፊት በመጋዘኑ በኩል እለፊ። «ጋሼ፣ ካርቶኖቹን አውርደው ባያሳዩኝ ኖሮ ሁለቱ መለያ ቁጥሮች የአንድ ዕቃ መሆናቸውን አላውቅም ነበር» በያቸው፤ የቅርብ አለቃቸው በሚሰሙበት ቢሆን ይመረጣል። በሪፖርቱ ላይ እንዲገባ በምትጠይቂው መግለጫም ከስምሽ አጠገብ የእርሳቸውን ስም ጻፊ።