ትልቅ መቺ ለምን አናስፈርምም?

ጥያቄ፦ የቤዝቦል ቡድኑ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ነኝ። በ2025 (እ.ኤ.አ.) 96 ጨዋታ ተሸንፈናል። ባለቤቶቹ ኪሳቸውን ፈትተው ኮንትራቱ ያለቀ አንድ ትልቅ መቺ ለምን አያስፈርሙም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የቤዝቦል መቺ በአንድ ጨዋታ ተራ የሚደርሰው አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው፤ የቀረው የስምንቱ ጓደኞቹ ነው። ስለዚህ ለደካማ ቡድን የሚያዋጣው በጉዳት ወይም በዕድል ማጣት ዋጋው የወረደን መቺ በአንድ ዓመት ውል መያዝና ካገገመ በወቅቱ መሃል በወጣት ተጫዋቾች መለወጥ ነው። ሀብታሞቹ ቡድኖች የማይሰጡት ነገር አለዎት፦ በየቀኑ መሰለፍ።

ሲመርጡ አማካይ ምቱን ብቻ አይዩ። ኳሱ ከዱላው በሰዓት 95 ማይልና ከዚያ በላይ እየወጣ ተከላካይ እጅ የሚገባበት ሰው ቁጥሩ ይመለሳል። ዱላው የዘገየበት ግን አይመለስም፤ እሱን በርካሽም አይግዙ።

ናሽናልስ ራሱ ይህን ያውቅበታል። ለ2023 ሄይመር ካንደላሪዮን በ5 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት አስፈረመ፤ በሐምሌ መጨረሻ ለቺካጎ ከብስ ሰጥቶ ዲጄ ኸርዝን ጨምሮ ሁለት ወጣቶች ተቀበለ። አደጋው ግልጽ ነው፦ መቺው በሰኔ ከተጎዳ የሚሸጥ ነገር የለም።

አንድ ወጥመድም አለ። የቀድሞ ክለቡ ያቀረበለትን የአንድ ዓመት መደበኛ የውል ጥያቄ ውድቅ ያደረገ መቺ ካስፈረሙ የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ መብት) ያጣሉ። ለደካማ ቡድን ይህ ከገንዘቡ ይብሳል።

ናሽናልስ ትልቅ መቺ ያስፈረመበት ጊዜም አለ፦ የጄሰን ወርዝ የ7 ዓመት፣ የ126 ሚሊዮን ዶላር ውል በ2010 መጨረሻ ከ93 ሽንፈት በኋላ ተፈርሟል፤ ያኔ ግን ትልቅ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶቹ ስትራስበርግና ሃርፐር በክለቡ እጅ ነበሩ።