ዩቲዩብ የሚከፍለው ለማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

«ስለ ዩቲዩብ ገቢ የምትጠይቁት ካላችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ገንዘቡ መጠን ናቸው። እኔን ያሳሰቡኝ ግን ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ፣ ቻናሉ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ፣ ካሜራው በማን ቤት እንደተደቀነ የሚያነሡት ጥቂቶቹ ናቸው። ለእነሱ ረዘም፣ ለሌሎቹ አጠር አድርጌ መልሻለሁ። ለጀማሪ አንባቢ፦ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል ዩቲዩብ በተለመደው መንገድ ሺህ ሰብስክራይበር (ተከታይ) እና አራት ሺህ የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል፤ ገንዘቡ የሚከፈለውም አድሴንስ በሚባል የጉግል አካውንት በኩል ነው።

«ቻናሌ ሺህ ሰብስክራይበርም፣ አራት ሺህ ሰዓትም ሞልቷል። ከኢትዮጵያ ሆኜ ስላልተፈቀደልኝ ቨርጂንያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በስሟ አድሴንስ ከፈተችልኝ። ዓመት ያህል በየወሩ ትልክልኝ ነበር። አሁን ግን ‹ታክሱ በእኔ ላይ መጣ› ብላ ግማሹን ታስቀራለች። ቻናሉም የተከፈተው በእሷ ኢሜይል ነው። ምን ላድርግ?» (ከአዲስ አበባ)

በመጀመሪያ ለአክስትዎ ልጅ ጥብቅና ልቁምላት። ታክሱን ከኪሷ አልፈጠረችውም። ጉግል አሜሪካ ለሚኖር ሰው የከፈለውን በ1099 ቅጽ ለአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። መዝገቡ ላይ ያለው የእሷ ስም ስለሆነ መንግሥት ገንዘቡን የሚያውቀው የእሷ ገቢ አድርጎ ነው። ለእርስዎ በሐዋላ መላኳን ራሷ በማስረጃ ካላሳየች ማንም አያይላትም። በገቢ መጠን የሚሰጥ የጤና መድን ወይም የቤት ኪራይ ድጎማ ካላት ደግሞ፣ ገቢዋ ከፍ ሲል እሱም ሊቀርባት ይችላል።

ግማሹን ማስቀረቷ ትክክል ነው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። በግምት አትነጋገሩ። የአድሴንሱን ወርኃዊ የክፍያ ዝርዝር ታሳይዎት። ግብሯን የሚሠራላት ባለሙያም የዓመቱን ሒሳብ አንድ ጊዜ ከዩቲዩቡ ገቢ ጋር፣ አንድ ጊዜ ያለ እሱ ያስላው። ልዩነቱ የታክሱ ድርሻ ነው። ከዚያ በላይ የምትወስደው የድካሟ ዋጋ ነውና ስንት በመቶ እንደሆነ ተስማምታችሁ ጻፉት።

የእርስዎ ትልቁ አደጋ ግን ኢሜይሉ ነው። ቻናሉና አድሴንሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አድሴንሱ ገንዘቡ የሚያልፍበት ቧንቧ ነው፤ ቻናሉ ግን ንብረቱ ራሱ ነው። ዛሬ የአክስትዎ ልጅ ስልኳን ብትጥል፣ የይለፍ ቃሏን ብትረሳ ወይም ብትቀየሙ እርስዎ ለራስዎ ሥራ ባዕድ ይሆናሉ። ቻናሉ ብራንድ አካውንት በሚባለው፣ ከአንድ ሰው በላይ በባለቤትነት ሊይዘው በሚችለው አካውንት ሥር ከሆነ የእርስዎን ኢሜይል በባለቤትነት ታስገባ። ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ ዋና ባለቤትነቱን ልታስተላልፍልዎ ትችላለች። በግል የጉግል አካውንቷ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ ወደ ብራንድ አካውንት ይዛወር። ይህን ዛሬ፣ ፍቅር ሳለ አድርጉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አድሴንስ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዩቲዩብ ስቱዲዮ (ባለቤቱ ቻናሉን በሚያስተዳድርበት ገጽ) ውስጥ ሌላ አድሴንስ ማገናኘት ይቻላል፤ የሚቀየረውም በ32 ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አገርን በሚመለከት፣ ዩቲዩብ የአጋርነት ፕሮግራሙን የከፈተላቸው አገሮች ዝርዝር አለው። ጎረቤታችን ኬንያ በዝርዝሩ ውስጥ ስትሆን ኢትዮጵያ ለዓመታት አልነበረችም። ዝርዝሩ ስለሚሻሻል ማንኛውንም ነገር ከመወሰንዎ በፊት የዩቲዩብን የእገዛ ገጽ ይመልከቱ። የማይኖሩበትን አገር መሙላትን ግን አልመክርም። መታወቂያ የሚጠየቀው ገንዘቡ ከተጠራቀመ በኋላ ነው፤ የሚያስለቅሰውም ያኔ ነው።

በመጨረሻም፣ ገንዘቡ እጅዎ ሲገባ የአገር ቤቱን ግብር አይርሱ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነን ሰው ከውጭ የሚያገኘውንም ገቢ ጨምሮ ነው የሚመለከተው።

«ለአንድ ሺህ ዕይታ ስንት ዶላር ይከፈላል? አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው አምስት።» (ከደሴ፣ ከሐዋሳ፣ ከዴንቨርና ከሌሎችም)

ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ ለዕይታ የወሰነው ዋጋ የለም። ማስታወቂያ አስነጋሪው ከሚከፍለው ውስጥ በረጅም ቪዲዮ ላይ 55 በመቶው ለቻናሉ፣ ቀሪው ለዩቲዩብ ነው። በሾርትስ (በአጫጭር ቪዲዮዎች) ላይ ድርሻዎ 45 በመቶ ሲሆን፣ የሚሰላውም የሾርትስ ማስታወቂያ ገቢ ከሚጠራቀምበት የጋራ ቋት ነው። ማስታወቂያው ራሱ ደግሞ በጨረታ ስለሚሸጥ ዋጋው ተመልካቹ ባለበት ቦታ ይለያያል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ተመልካችና ደብረ ብርሃን ሆኖ በስልክ ዳታ የሚያይ ተመልካች አንድ ዓይነት ቪዲዮ ቢያዩም፣ ለማስታወቂያ ገዢው ዋጋቸው አንድ አይደለም። ዕይታው ሲታይ ትንሽ የሆነ የአማርኛ ቻናል በገቢ ትልቁን የሚበልጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ነገር ርዝመት ነው። ቪዲዮው ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ መሐሉ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል። ይህን የሰሙ ሰዎች የሦስት ደቂቃውን ወሬ ስምንት ደቂቃ ሲያደርጉት አያለሁ፤ ተመልካቹ በአራተኛው ደቂቃ ስለሚወጣ ትርፉ ድካም ነው። በጥር ገቢያችሁ ቢወርድም አትደንግጡ። የፈረንጆች ገና ገበያ ሲያበቃ ማስታወቂያው ስለሚቀንስ ነው። የራሳችሁን ቻናል ትክክለኛ ቁጥር ስቱዲዮ ውስጥ አር.ፒ.ኤም. (ከአንድ ሺህ ዕይታ ያገኛችሁት ገቢ) የሚለው ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የሰው ቁጥር አይጠቅማችሁም።

«በቴሌግራም አራት ሺህ ሰዓት የሚሸጡ ልጆች አሉ። ይያዛል?» (ስሙን ያልጻፈ)

አዎ። የተገዛ ሰዓትና ሰብስክራይበር የዩቲዩብን ደንብ ይጥሳል፤ ቁጥሩ ይሰረዛል፣ ቻናሉም ሊዘጋ ይችላል። «ሰብስክራይብ አድርገኝ፣ ላድርግህ» የሚለውም ያው ነው። በነገራችን ላይ፣ በሕጋዊ መንገድ ያገኘኸውም ሰዓት ሁሉ አይቆጠርም። ሾርትስ ላይ የታየው፣ በማስታወቂያ ገፍተህ ያሳየኸው፣ የሰረዝኸው ወይም የደበቅኸው ቪዲዮ ሰዓት ከአራት ሺሁ ውስጥ አይገባም። ልጆቹ ግን ገንዘብህን በቴሌብር ሲቀበሉ ይህን አይነግሩህም።

«ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው የምኖረው። አድሴንሴ አሥር ዶላር ሲሞላ የፒን ቁጥር በፖስታ ልከናል አሉኝ። ሁለት ወር ሆነው፣ አልመጣም።»

አድራሻህን ለማረጋገጥ የሚላከው ፒን በተራ ፖስታ ስለሚመጣ መከታተያ ቁጥር የለውም፤ ሁለት ወር ደግሞ ብዙ ነው። አድራሻህን ስትሞላ የሕንፃውን ስም ጽፈህ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ትተህ እንዳይሆን ተመልከት። የራስህ ሣጥን ከሌለህ የምታምነውን ሰው ወይም የመሥሪያ ቤትህን ሣጥን አስፈቅደህ ሙላና አዲስ ፒን ጠይቅ። የመጀመሪያው ፒን ከወጣበት ቀን ጀምሮ አራት ወር ካለፈ ማስታወቂያው ይቆማል። ተደጋጋሚው ፒንም ካልደረሰህ በመታወቂያ የማረጋገጥ መንገድ ይከፈትልሃል።

እዚህ ላይ፣ ስሙ ሲመሳከር ነው የእኛ ሰው የሚቸገረው። ፓስፖርቱ ላይ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለ፤ ባንኩ ሁለቱን ብቻ ይዟል፤ አድሴንሱ ላይ ደግሞ ልጁ የቻናሉን ስም ጽፎበታል። የላቲን ፊደል አጻጻፉም በየወረቀቱ ይለያያል። ገና ሲጀመር ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጠህ ፊደል በፊደል ገልብጥ፣ ባንኩንም እንደዚያው አስተካክል።

የአሜሪካን የግብር ቅጽም ሙላ። ካልሞላህ ከመላው ዓለም ገቢህ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥብህ ይችላል። ከሞላህ ግን የሚነካው አሜሪካ ባሉ ተመልካቾች ያገኘኸው ብቻ ነው። ኬንያም ኢትዮጵያም ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ስለሌላቸው በዚያ ክፍል ላይ የሚቆረጠው 30 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳብህ መቶ ዶላር ሲደርስ ክፍያው በሚቀጥለው ወር ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ይወጣል።

«ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ ወጥ ቤቱን፣ ቤቱን፣ አንዳንዴም ልጆቹን እያሳየሁ ስለ ኑሮዬ አወራለሁ። ሰው ወዶልኛል። ሞኒታይዝ ላደርገው (ገቢ ላገኝበት) ነው።»

እህቴ፣ ሞኒታይዙ ይቆይና አሁኑኑ ቤቱና ልጆቹ የሚታዩባቸውን ቪዲዮዎች በሙሉ ወደ ግል ቀይሪያቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ እስከ 500,000 ሪያል፣ ወይም ሁለቱም ነው። ማዳም ስትስቅ አይተሽ «አይቆጡም» ብለሽ እንዳትተማመኚ። ቪዲዮውን ቤተሰቡ በሙሉ እስኪያየው ድረስ ነው የማይቆጡት። አማርኛውን ባይሰሙም የሳሎናቸውን መጋረጃ ያውቁታል።

ገቢውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የተያያዘ ነው፤ በጎን ለራስ መሥራት ያስጠይቃል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የውጭ ዜጋ በማኅበራዊ ሚዲያ ያለ ፈቃድ ምርት እንዳያስተዋውቅ ተከልክሏል። «ሽቶዬን አስተዋውቂልኝ፣ ሁለት መቶ ሪያል እሰጥሻለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

ወሬሽ ጥሩ ከሆነ ግን ቤቱ ባይታይም ሰው ይሰማሻል። የተመልካችሽ ናፍቆት ድምፅሽ ነው እንጂ የሰው ምንጣፍ አይደለም። በዕረፍት ቀንሽ የምታነሺው የእጅሽ ሥራ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም የአገር ቤት ፎቶግራፎችሽ ላይ ድምፅሽን ማስገባት ይቻላል። እሱም ቢሆን ገቢ ሳታገኚበት፣ አገርሽ ስትገቢ የምትቀጥዪው አድርገሽ ያዢው።

«ጎንደር የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነኝ። የሠርጎቹን ቅንጫቢ ብለቅ ዘፈኑ ያስጠይቃል? ከአሥር ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም ይባላል።»

የአሥር ሰከንድ ሕግ የሚባል ነገር በዩቲዩብም፣ በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የለም። ማን እንደፈጠረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የተለቀቀ ካሴት ከሙሽሮቹ ጭፈራ ጋር ሲቀረጽ የዩቲዩብ ሥርዓት ዘፈኑን ለይቶ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ቪዲዮው ይቆይና የማስታወቂያው ገንዘብ ለዘፈኑ ባለቤት መሄዱ ነው። ይህ ኮንቴንት አይዲ የሚሉት ነው፤ ቻናሉን አይጎዳም። ባለመብቱ ራሱ አቤት ብሎ ቪዲዮውን ካስወረደ ግን ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ጥፋት) ነው። በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋል።

ስለዚህ የሴቶቹን የሠርግ ዘፈን፣ ከበሮና እልልታውን፣ የአዝማሪውን ግጥም አንሣ፤ አዝማሪውንም አስፈቅድ። ለተመልካችም ከካሴቱ ይልቅ የሚጥመው እሱ ነው። ከሁሉም በፊት ግን የሙሽሮቹን ፈቃድ በውሉ ላይ በጽሑፍ አስገባ። ለቪዲዮው ስለከፈሉህ ፊታቸውን አልሸጡልህም።

«ስቶክሆልም ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ፊደል አስተምራለሁ። አስተያየት መስጫው ተዘግቷል፣ ገቢውም ወርዷል። ለምን?»

ቪዲዮዎ «ለልጆች የተዘጋጀ» ተብሎ ስለተመደበ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባለሥልጣናት በልጆች መረጃ አሰባሰብ የተነሣ ጉግልና ዩቲዩብን 170 ሚሊዮን ዶላር አስከፈሏቸው። ከቀጣዩ ጥር ጀምሮ በልጆች ቪዲዮ ላይ ተመልካቹን ተከትሎ የሚመጣ ማስታወቂያ፣ አስተያየትና የአባልነት ክፍያ ቀርተዋል። «ለልጆች አይደለም» ብሎ መዋሸት መፍትሔ አይሆንም። ለወላጆች «ልጃችሁን ቤት ውስጥ እንዴት ታስተምሩታላችሁ» የሚል ሌላ ተከታታይ ቢሠሩ ግን እሱ በእውነት የአዋቂ ነው። የዋናው ገቢ ምንጭም የማስታወቂያ ሳንቲም ባይሆን እመርጣለሁ። የሚታተም የፊደል መለማመጃ ወይም የቅዳሜ የቀጥታ ትምህርት በክፍያ ቢያዘጋጁ ወላጆች ይከፍላሉ።

«‹ሰበር› ብለን በሕይወት ያለ አርቲስት ፎቶ ላይ ሻማ ብናደርግ ዕይታ ያመጣል። ወንጀል ነው እንዴ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ከዩቲዩብ በኩል አሳሳች ሽፋንና ርዕስ ክልክል ነው። ከሕግ በኩል፣ ሐሰተኛነቱ እየታወቀ ወይም መታወቅ ሲገባው የተሰራጨና ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሣ የሚችል መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የአርቲስቱ ሞት ግጭት አያስነሣም ትለኝ ይሆናል። የአርቲስቱ እናት ስልክ ላይ ቪዲዮው ሲመጣ ምን እንደሚያስነሣ ግን አንተው አስበው።

«ምን ካሜራ ልግዛ?» (ከባሕር ዳር)

ካሜራ አይግዙ፤ ስልክዎ ይበቃል። በዚያው ገንዘብ ሸሚዝ ላይ የሚቆነጠጥ ማይክ ይግዙና ከአገጭዎ ሥር በስንዝር ርቀት ያድርጉት። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ይዘጋል። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይስቀሉ፤ ጎረቤት ወፍጮ ቤት ካለም ቀረጻውን ወፍጮው ከመነሣቱ በፊት ይጨርሱ።